ካሜራዬን ሸጬ ኮምፒውተር ልግዛ?

«ከተመረቅሁ ወዲህ ሐዋሳ ውስጥ ሠርግና ምርቃት እያነሳሁ ነው የምኖረው። በሚድጆርኒ፣ ማለትም ጽሑፍ ሲሰጡት ምስል በሚፈጥረው የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መሣሪያ፣ የምሠራቸውን ምስሎች ያየ ሁሉ ግን ‹የት ሄደሽ ነው ያነሳሽው?› ይለኛል። ካሜራዬን ሸጬ ጠንካራ ኮምፒውተር ልግዛና ጠቅልዬ ወደዚህ ልግባ? የፕሮምፕት (ለኤአይ የሚሰጥ የጽሑፍ ትእዛዝ) ሰርተፍኬት የሚሰጥ ኮርስስ ልውሰድ?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እህቴ፣ ካሜራውን አትሽጪ።

ከላክሽልኝ ምስሎች ቡና የምታፈላዋን ሴት አጉልቼ አየኋት። ቆዳዋ፣ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን፣ የጀርባው ብዥታ ምንም አይወጣለትም። ጀበናው ግን ወደ ዓረብ ማንቆርቆሪያ ያደላል። የቀሚሷ ጥለት እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ይቀልጣል። እንጀራው ዓይን የለውም። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ደግሞ ከሩቅ ፊደል ይመስላል እንጂ አይነበብም። ፈረንጅ ይህን ላያስተውል ይችላል፤ የሐዋሳ ካፌ ባለቤት ግን ገና ስልክሽን ሳትመልሺው ይስቅብሻል።

እንደ ሚድጆርኒ ያሉ ምስል ፈጣሪ ሞዴሎች የሚማሩት ከኢንተርኔት ከተለቀመ ፎቶና አብሮት ከተጻፈው መግለጫ ነው። ስቴብል ዲፊውዥን የሚባለው ሌላው ሞዴል መጀመሪያ የሠለጠነው ላዮን ከሚባል፣ ከ5 ቢሊዮን በላይ የምስልና የጽሑፍ ጥንዶች ካሉት ስብስብ ተመርጦ ነው። እዚያ ውስጥ የኛ ጀበና ስንት ጊዜ ይገኛል? ክፍተቱን የሚሞላው ያንቺ ካሜራ ነው። ጀበናውን፣ ጥለቱን፣ እንጀራውን በተለያየ ብርሃንና በተለያየ አቅጣጫ አንሺ፤ ከዚያ ፎቶዎቹን ለሞዴሉ ለማጣቀሻ ስጪው ወይም በእነሱ እንደ ስቴብል ዲፊውዥን ላለ ሞዴል ሎራ አሠልጥኚ። ሎራ ማለት ሞዴሉን እንደገና ሳትሠሪ አንድ ነገር ለይተሽ የምታስተምሪበት ትንሽ ተጨማሪ ፋይል ነው። በጣት የሚቆጠሩ ጥሩ ፎቶዎች ብዙ ለውጥ ያመጣሉ። ጽሑፉን ለሞዴሉ አትተዪለት፤ አጥፊውና በፎቶሾፕ ራስሽ ጻፊው።

ፕሮምፕቱም ቢሆን የፎቶ አንሺ ቋንቋ ነው። «በጣም እውነተኛ የሚመስል» ከማለት «85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ከግራ የሚገባ የጠዋት ብርሃን» ማለት ይሻላል። በ2023 በሶኒ ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ውድድር የፈጠራ ዘርፉን በኤአይ ምስል አሸንፎ «ሽልማቱን አልቀበልም» ያለው ቦሪስ ኤልዳግሰን ራሱ የቆየ ፎቶ አንሺ ነበር። ዳኞቹ ፊት ያቀረበውም የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚመስል የሁለት ሴቶች ምስል ነው። እንዲህ ያለው ዓይን ከኮርስ አይገኝም፣ ስለዚህ ለሰርተፍኬቱ ገንዘብ አታውጪ። የማስታወቂያ ድርጅት ቀጣሪ የሚያየው ፖርትፎሊዮሽን፣ የሥራዎችሽን ስብስብ ነው። ሞዴሉ መጀመሪያ ያወጣውንና አንቺ አርመሽ የጨረስሽውን ጎን ለጎን አስቀምጪለት።

ኮምፒውተሩ ይቆይ። ሎራውን በኢንተርኔት በሰዓት በሚከራይ ማሽን ማሠልጠን ይቻላል። እርግጥ የውጭ ካርድ ለሌለው ሰው ክፍያው ራሱ ራስ ምታት ነው፤ ውጭ የሚኖር ዘመድ ካለሽ አሁን ነው የሚጠቅምሽ።

ሥራው የት ነው ካልሽ፣ ለማስታወቂያ ፊልም ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት የሚቀርቡ ንድፎች፣ የምርት ፎቶ ጀርባ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች። የስቶክ ፎቶ ገበያውን፣ ማለትም አስቀድሞ የተነሳ ፎቶ በኢንተርኔት የሚሸጥበትን፣ ብዙ አትመኚው፤ ከሻጮቹ ጌቲ የኤአይ ምስል አይቀበልም፣ አዶቤ ስቶክ ደግሞ በኤአይ የተሠራ መሆኑ ካልተገለጸ አይቀበልም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮም በፕሮምፕት ብቻ የወጣ ምስል የቅጂ መብት እንደማያገኝ ገልጿል። ስለዚህ አሜሪካ ላለ ደንበኛ ስትሠሪ ይህንን አስቀድመሽ ንገሪው፣ ውሉ ላይም ይስፈር።

አንድ ነገር ላይ ግን እንዳትለሳለሺ። ምግብ ቤት ለሜኑ ቢያዝሽ የራሱን ክትፎ አንሺለት፤ ጠረጴዛውንና ብርሃኑን በኤአይ ብትቀይሪ ማንም አይጎዳም። ያልቀረበን ክትፎ መፍጠር ግን ደንበኛን ማታለል ነው። ገና መሠረቱ ያልወጣ አፓርትመንት «ፎቶ» ሥሪልኝ የሚል ደላላም መምጣቱ አይቀርም። እሱን «ንድፍ መሆኑ ምስሉ ላይ ይጻፋል» በዪው፤ ካልተስማማ ይሂድ።

የሠርጉን ሥራ ለጊዜው አትተዪው።