«ሽማግሌ ሲመጣ ወንድሜን የት እናድርገው?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው፤ 27 ዓመቴ ነው። ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ታመመ። መጀመሪያ ፀበል፣ ኋላ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው አሉን። አሁን በየወሩ መርፌ ይወጋል፤ ደህና ነው፣ ዝምተኛ ሆነ እንጂ። እንግዳ ሲመጣ እማዬ ጓዳ ታስገባዋለች። ዕድሩም «ይረፍ» ብሎ ከድንኳን ተከላ ነፃ አድርጎታል። ከቤት የሚወጣው ከሰፈር ልጆች ጋር ጫት ለመቃም ብቻ ነው። አሁን እጮኛዬ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ የወንድሜን ሕመም አያውቅም። እማዬ ሠርጉ እስኪያልፍ ከአጋሮ ወዲያ ገጠር አክስታችን ጋ ይቆይ ትላለች። በዘራቸው ነው ቢሉንስ? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። እናትሽ ያለችው አለ፤ ዕድሩ ያለው አለ፤ ሰው ሊል የሚችለውም አለ። ወንድምሽ ያለው ግን አንድ ቃል የለም። አልወቅስሽም፤ ለምክር የሚመጡ ቤተሰቦች ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው «ይተኛል፣ ይበላል» እያሉ እነሱ ሲመልሱለት ዘወትር አያለሁ።

ገጠር መላኩን ተዉት። የመርፌው ቀን ካለፈ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል፤ ያኔ የምትሸሹት ወሬ ራሳችሁ ጠርታችሁት ይመጣል። እናትሽን ግን አትቆጪያት። ጓዳ የምታስገባው ከሰው አፍ ልታድነው ብላ ነው።

ለእጮኛሽ ሽማግሌው ሳይመጣ አንቺው ንገሪው፤ ከጎረቤት አይስማው። ስለ ዘር ከጠየቀሽ እውነቱን አትሸፋፍኚ፤ ሕመሙ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለው። በጠቅላላው ከ100 ሰው 1 ገደማ ይታመማል። አጎታቸው የታመመባቸው ልጆች ላይ ግን ቁጥሩ ከ100ው ወደ 3 ወይም 4 ልጅ ከፍ ይላል። ቀሪዎቹ 96 ወይም 97 አይታመሙም። ይህን ሰምቶ ከሸሸ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሠርግ በፊት መሸሹ ይሻላል።

ወደ ጫቱ ልምጣ፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ጫት እንቅልፍ ይነሳል። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለቃል፤ መርፌው ደግሞ የዚያኑ ንጥረ ነገር ሥራ ለመግታት የተሰጠ ነው። አንዱ ሲጎትት ሌላው ይገፋል ማለት ነው፤ ሐኪሙ መቃሙን ይወቅ። ነገር ግን ከቀትር በኋላ ወንድምሽን በስሙ ጠርቶ «ና፣ ተቀመጥ» የሚለው ሌላ ማን አለ? እነዚያ ልጆች ብቻ ናቸው። ሌላ መቀመጫ ሳታዘጋጁለት «ተው» ካላችሁት ወደ ጓዳ መለሳችሁት። ጅማ ውስጥ ቡና የማይፈላበት ቤት የለም መቼም። የእናንተ ረከቦት ሲዘረጋ፣ ጎረቤትም ሲጠራ፣ እሱም ይቀመጥ። ቁርሱን እሱ ያዙር።

ዕድሩም እንዲሁ ነው። ዳኛው ክፉ አላሰቡም፤ «ይረፍ» ማለት ግን ከሰው ቆጠራ ማውጣትም ነው። አንቺ ወይም አባትሽ ሄዳችሁ አናግሯቸው። ድንኳኑን ብቻውን ይትከል አትበሉ፤ አግዳሚ ወንበር ከአንድ ጎረቤት ጋር ይሸከም። ሲቀር «የት ቀረህ?» ይባል፤ እንደማንኛውም ጎረምሳ።

ይህ የእኔ ፍልስፍና ብቻ አይደለም። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ (የወላይታው አይደለም፣ በቡኢ ዙሪያ ያለው) 166 የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች የተካተቱበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ለግማሾቹ ቀበሌዎች፣ ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ፣ ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ታማሚውንና ቤተሰቡን ያግዙ፣ ማኅበረሰቡንም ያነጋግሩ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ እነዚህ ታማሚዎች በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ሕክምና ብቻ ካገኙት በተሻለ ቆመው ተገኝተዋል። እናንተ ሰፈር እንዲህ ያለ ሠራተኛ ላይኖር ይችላል፤ ዕድርተኛና ጎረቤት ግን አላችሁ። ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ንገሯት። እንቅልፍ ማጣት፣ ብቻውን ማውራት ወይም ሰውን መጠርጠር ከጀመረ ከቤታችሁ ውጭ ምልክቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር።

የሽማግሌዎቹ ቀን ማን ያስታጥባቸዋል? በእኛ ወግ የቤቱ ታናሽ ነው። ማንቆርቆሪያውን እሱ ሊይዝ ይችላል። ግን አስቀድመሽ ጠይቂው፤ የሰው ብዛትና ጫጫታ ሊከብደው ይችላል። «አልፈልግም» ካለ አታስገድጂው፤ መሐል ላይ ከደከመው የሚወጣበት በር ይኑረው፤ ማንም ተከትሎ «ምን ሆንክ?» አይበለው። የምትጠይቂው ዛሬ ማታ ይሁን፣ እናትሽ በሌለችበት። ምናልባት እሱም ስለ ሠርግሽ የሚለው ነገር ይኖረዋል።

ቀን ስትቆርጡም የመርፌ ቀጠሮ ካርዱን አይታችሁ ቁረጡ፤ በአንድ ቀን እንዳይገጣጠሙ።