ለዕረፍት ልውሰድህ ስለው ምክንያት የማያልቅበት ባለቤቴ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ለዓመታት ሳነብ የቆየሁ ብሆንም አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዛሬ የጻፍኩት ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው።

የምንጨቃጨቀው በዕረፍት ጉዞ ነው። ለብዙ ሰው የጥጋብ ጭቅጭቅ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ፤ ነገር ግን እኔ በሎስ አንጀለስ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሌሊት ፈረቃ የሠራሁ ሴት ነኝ። ከምንከባከባቸው አዛውንቶች አንዷ ከአልጋቸው ትይዩ የቦራ ቦራን ፎቶግራፍ ሰቅለው ነበር፤ በፓሲፊክ ውቅያኖስ፣ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ያለች ደሴት ናት። መካከሉ ላይ ጥቁር ተራራ፣ ዙሪያውን አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ፀጥ ያለ ውኃ ይታያል። ሌሊት ሌሊት እሳቸውን ሳገላብጥ ዓይኔ እዚያ ላይ ነበር። አዛውንቷ ካረፉ በኋላ እዚያ ውኃ ውስጥ እግሬን ሳልነክር አልሞትም አልኩ፤ ከትርፍ ሰዓት ክፍያዬም ሦስት ዓመት ቆጠብኩ።

በመጪው መስከረም ትዳራችን 12 ዓመት ይሞላዋል። በመጀመሪያ በጥር እንሂድ ስለው ባለቤቴ «በጥር እዚያ ዝናብ ነው» አለኝ። ሳጣራ እውነቱን ነበር፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሞቃትና ዝናባማ፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ደረቅ ነው። ስለዚህ ወደ መስከረም አዛወርኩት። ወዲያው የዋጋ ነገር ተነሣ፤ የአንድ ሌሊት ዋጋ ለልጆቻችን ትምህርት ቢቀመጥ ስንት እንደሚሆን በኤክሴል ሠርቶ ላከልኝ። ገንዘቡ የእኔ ቁጠባ ነው ስለው፣ በረራው ከስምንት ሰዓት በላይ ስለሆነ ወገቤን ያመኛል አለ፤ ይህን የሚለው ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ነው። ቀጥሎ ትንኝ አለ። በመጨረሻም ግራንድ ካንየን ይሻላል አለኝ። ድንጋይና አቧራ ለማየት!

የመረጥኩት ላጉን በሚባለው፣ ደሴቱን በከበበው ፀጥ ያለ ውኃ ላይ በምሰሶዎች የቆመ ጎጆ ነው። ወለሉ ላይ መስተዋት ስላለው ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ከሥሩ ዓሣ ሲያልፍ ያያል። ቪዲዮውን ባሳየሁት ጊዜ እስከ መጨረሻው እንኳን ሳያይ ተነሥቶ ዕቃ ማጠብ ጀመረ። በእኛ ቤት ዕቃ የሚያጥበው እሱ አይደለም።

ውኃ ፈርቶ ነው እንዳልል፣ ባሕር ለእሱ አዲስ አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. በሶማሊያ ወደብ በቦሳሶ በኩል ወደ የመን የተሻገረ ሰው ነው። በአውሮፕላን የመጣሁት እኔ እንኳን አልፈራሁም። እንዲያው ደስታ ስለማይወድ ነው። ሳንታ ሞኒካ ስንሄድ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የማቆሚያውን ሰዓት ይጠብቃል፤ ልጆቹ በግቢያችን መዋኛ ሲጫወቱ ጫማውን ሳያወልቅ ዳር ላይ ይቆማል፤ አንድ ቀን እንኳን አብሯቸው አልገባም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የማይመለስ ቀብድ ከፍያለሁ። ሆቴሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ የእንግዳ ስም መቀየር ይፈቅዳል። ፍራንክፈርት የምትኖረው እኅቴ ደስ እያላት እንደምትመጣ ነግራኛለች። በእሱ ስም ፈንታ የእሷን አስገብቼ፣ ጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው ብነግረው ጥፋተኛ እሆናለሁ?

ኅ.፣ ከሎስ አንጀለስ

መልስ

እኅቴ ኅ.፣

ስለ ዝናቡም፣ ስለ ዋጋውም፣ ስለ ትንኙም አልመልስልሽም፤ ባለቤትሽም ቢሆን ለእነዚህ መልስ የሚፈልግ አይመስለኝም። አንዱ ምክንያት ሲፈርስበት ወዲያው ሌላ የሚያቆም ሰው፣ ከምክንያቶቹ ጀርባ ሊናገረው ያልቻለውን ነገር ይዟል። አንቺ ያንን ነገር በደብዳቤሽ መካከል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰሽው አልፈሻል፤ ያውም ለመክሰሻ። «ባሕር ለእሱ አዲስ አይደለም» አልሽ። እኔን ያስቆጣኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

በዚያ ዘመን ከቦሳሶ ተነሥተው የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ያቋርጡ የነበሩት ጀልባዎች ለሽርሽር የተሠሩ አልነበሩም። ለዓሣ ማጥመጃ በተሠራች ጀልባ ላይ ከመቶ በላይ ሰው ይታጨቅ ነበር፤ የተንቀሳቀሰ ይደበደብ ነበር። አሻጋሪዎቹ የየመንን ጠባቂዎች ሲፈሩ ገና ዳርቻው ሳይደረስ ተሳፋሪውን በሌሊት ጥልቅ ውኃ ውስጥ እንዲዘል ያስገድዱ ነበር፤ ዋና ከማይችለው መካከል እዚያው የቀረው ብዙ ነው። ባለቤትሽ ከዚህ ውስጥ የትኛውን እንዳየ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንቺ ግን 12 ዓመት ከጎኑ ተኝተሽ የጠየቅሽው አልመሰለኝም። እኔ በዚያ መንገድ የመጡ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ስለ በረሃው ያወሩኛል፤ ስለ ሰነዓ እየሳቁ ያወሩኛል፤ ስለ ጀልባዋ ግን አንዳቸውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልነገሩኝም።

እስቲ አሁን ያንን ቪዲዮ በእሱ ዓይን እዪው። ጨለማ፣ ከአልጋው ሥር ጥቁር ውኃ፣ እሱንም የሚያሳይ መስተዋት። ለዚህም በአንድ ሌሊት ከ1000 ዶላር በላይ ልትከፍዪ ነው። ዕቃ ማጠቡ የሚገርም አይደለም።

እነዚያ የውኃ ላይ ጎጆዎች፣ ማስታወቂያው እንደሚያስመስለው፣ የአገሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሲኖሩባቸው የቆዩ አይደሉም። በ1967 እ.ኤ.አ. በራያቴያ ደሴት ሦስት አሜሪካውያን የሆቴል ባለቤቶች ለእንግዶቻቸው ብለው የጀመሯቸው ናቸው። ስለዚህ ጎጆው ቢቀርብሽ ፖሊኔዥያ አይቀርብሽም።

ቦራ ቦራን ግን ተዪው። ውበቱን አልክድም፤ ነገር ግን አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ከዋናው ደሴት ላይ ሳይሆን፣ አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሠሩት ማኮብኮቢያ፣ ሞቱ በሚባሉት፣ ሪፍ በተባለው የኮራል ድንጋይ አጥር ዳር ባሉ ትንንሽ ደሴቶች በአንዱ ላይ ነው። እንግዳ ከአውሮፕላን እንደወረደ ቀጥታ ጀልባ ይሳፈራል። ትልልቆቹ ሆቴሎችም በአብዛኛው በእነዚሁ ሞቱዎች ላይ ስለሆኑ፣ ከሆቴሉ ለመውጣት በተፈለገ ቁጥር ጀልባ ያስፈልጋል። ባለቤትሽ በዚያ ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ ጀልባ ላይ መውጣት እንደሚኖርበት ቁጠሪ።

እኔ ብሆን የምሄደው ሁዋሂኔ ወደሚባለው የዚያው አገር ደሴት ነው። ዋናዋ ደሴት ከሆነችው ከታሂቲ በአነስተኛ አውሮፕላን አርባ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ማረፊያው በየብስ ላይ ነው፤ ፋሬ የምትባለው መንደር በመኪና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ናት። ደሴቱ ሁለት ቢሆንም በድልድይ የተያያዘ ስለሆነ ዙሪያውን በመኪና ማየት ይቻላል፤ ባለቤትሽ ደግሞ መንዳት ያውቅበታል፤ መሪውን ስጪው። ፔንሲዮን የሚባሉ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድራቸው የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ፤ ዋጋቸው አንቺ ከመረጥሽው ጎጆ ጋር አይወዳደርም። ክፍሉን ከባሕሩ ራቅ አድርገሽ በአትክልቱ በኩል ያዢ፤ ላጉኑ ራሱ ፀጥ ያለ ነው፤ ሪፉ ላይ የሚሰበረው ማዕበል ግን ሌሊት ከሩቅ ይሰማል፤ ለአንቺ እንቅልፍ የሚያመጣው ድምፅ ለእሱ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ሦስት አራት ደሴት ለማዳረስም አትሩጪ፤ አንዱ ይበቃል።

ምሳ ላይ ጥሬ ዓሣ በሎሚና በኮኮናት ወተት አሽተው ያቀርቡላችኋል፤ ጥሬ ሥጋ ለሚያውቅ አበሻ አዲስ ነገር አይሆንም። ውኃውን በተመለከተ፣ እግርሽን የምትነክሪው ከወገብ በታች በሆነ ውኃ ውስጥ፣ ዳርቻውን ሳትለቂ ነው። ኮራሉ ስለሚቆርጥና ድንጋይ የሚመስል መርዛማ ዓሣ ስላለ፣ እዚያ የውኃ ጫማ ሳያደርጉ አይገባም። ባለቤትሽ ጫማውን ሳያወልቅ መቆም ለምዷል፤ እንግዲህ እዚህ ጫማ ማድረጉ የሚያስገምተው አይደለም። ከገባ ገባ፤ ካልገባ «ና እንጂ» ብለሽ እንዳትጎትቺው።

ይህን ሁሉ ከማቀድሽ በፊት ግን ልታናግሪው ይገባል። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ ታሪኩን እንዲተርክልሽ አትጠይቂው፤ ምርመራ ይመስለዋል። መኪና ውስጥ፣ ሁለታችሁም መንገዱን እያያችሁ ሳላችሁ፣ «ውኃ ላይ ላለማደር ምክንያት መፈለግ የለብህም፤ አስቤ ስላልጠየቅኩህ ይቅርታ» በዪውና ዝም በዪ። ዝምታውን በወሬ አትሙዪው። የዚያን ቀን ምንም ባይመልስ ከሳምንት በኋላ ሊመልስ ይችላል።

ለእሱም አንድ ነገር አለኝ፤ አንብቢለት። ወንድሜ፣ ኤክሴል የሠራህበትን ጊዜ «ባሕር አልወድም» ለማለት ብታውለው ኖሮ፣ ሚስትህ ይህን ሁሉ ጊዜ ስስታምና ደስታ የማይወድ ሰው አድርጋ ባላየችህ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሰው እናት ስታገላብጥ የኖረች ሴት ከአንተ እውነቱን መስማት ይገባታል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎን፣ ጥፋተኛ ትሆኛለሽ። ከእኅትሽ ጋር መሄድሽ ነውር የለውም፤ በድብቅ ስሙን ማስፋቅሽ ግን ነውር ነው። ከተነጋገራችሁ በኋላ «እኔ ይቅርብኝ፣ አንቺ ሂጂ» ካለ፣ እኅትሽን ይዘሽ ቦራ ቦራ ሂጂ፤ መስተዋቱም ላይ እንዳሻሽ ተኚ። በዚያ ጊዜ አንድ ነገር አትርሺ፦ ፈረንሳይ ፖሊኔዥያ የፈረንሳይ ግዛት ብትሆንም በሸንገን ክልል ውስጥ አይደለችም፤ የእኅትሽ ፓስፖርት ኢትዮጵያዊ ከሆነ የጀርመን መኖሪያ ፈቃዷ ብቻውን ያሳልፋታል ብላችሁ አትገምቱ፤ አስቀድማ የፈረንሳይን ቆንስላ ትጠይቅ። አብሮሽ እሄዳለሁ ካለ ደግሞ ቀብዱ ይቅር። የወር ደመወዝም ቢሆን ይቅር።

ቲኬቱን ስትቆርጪ የመስኮቱን ወንበር ለራስሽ ያዢ። ፋአአ የሚባለው የታሂቲ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያው ሪፉ ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ በቀን ከደረሳችሁ አውሮፕላኑ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ውኃ ላይ የሚያርፍ ይመስላል። ይህን ከመነሣታችሁ በፊት ንገሪው፤ አውሮፕላኑ ሲወርድም እጁን ያዢው።