ዙሪያውን ለካሁ፣ ውፍረቱስ? ጥያቄና መልስ

ሥራዬ ዛፍ መለካት ነው። ስለ ዙሪያና ስለ ዲያሜትር (ከዳር እስከ ዳር ስላለው ውፍረት) የቻልኩትን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ቁጥር ይዛችሁ ኑ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ጋሼ፣ ባሕር ዛፌን ነጋዴ ሊገዛኝ ነው። ዙሪያው 94 ሳንቲ ሜትር ነው። እሱ ውፍረቱ 23 ተኩል ነው ይላል። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። 94ን ለ3.14 አካፍለው፣ 30 ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ስሌቱ ይኸው ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ሜትር አያያዝ ላይ ነው። ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ ለካ፣ ተዳፋት ከሆነ ከላይኛው በኩል ቆመህ። የተላጠ ቅርፊት ካንጠለጠለ አንሳው። ሜትሩ ከተንጋደደ ዙሪያው ከእውነተኛው ይበልጣል። ግንዱ ጠፍጠፍ ያለ ከሆነም የምታገኘው ዲያሜትር ትንሽ ይበልጣል። ደግነቱ ዙሪያው ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ብትስት ዲያሜትሩ ላይ 1 ገደማ ብቻ ነው የምትስተው። ሰውየውን ለስንት እንዳካፈለ ጠይቀው።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ)፦ 3.14 ከየት መጣ?

መልስ፦ ምጣድ በሲባጎ ዙር፣ ከዚያ ሲባጎውን በምጣዱ መሃል ከዳር እስከ ዳር እየመለስክ አጣጥፈው። 3 ጊዜ ደርሶ ትንሽ ይተርፋል። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ አርኪሜድስ ያንን ትርፍ ከዲያሜትሩ 10/71 በላይ፣ ከ1/7ው በታች ብሎታል። የቀረውን ለመምህርህ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ክብ ጎጆ ቤት አለን፣ በውጭ ዙሪያው 22 ሜትር። ውስጡ ስንት ይሰፋል?

መልስ፦ እዚህ ላይ 22/7 ይቀላል፣ ከውጭ ዲያሜትሩ 7 ሜትር። ግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በሁለቱም በኩል ቀንሺ እህቴ፣ 6 ሜትር ከ40 ይቀራል። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የእኔ ዛፍ በጣም ትልቅ ነው፣ ስንት ይሆናል?

መልስ፦ ዙሪያውን ሳትነግረኝ ከየት ላምጣው? 1.30 ላይ ለካና ተመለስ።

ከእንጅባራ፦ አሁንም ባሕር ዛፍ? መሬቱን ያደርቃል። እኛ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ተክለን ከሰል እናወጣለን፣ መሬቱም ያገግማል።

ከዳንግላ፦ ከሰል ቤት አይሠራም ወንድሜ! አጣናና ምሰሶ ከየት ልታመጣ ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ቁም ነገር አላችሁ፣ ግን ሌላ ቀን። ዲከረንስም ቢሆን የሚለካው እንዲሁ ነው።

ጥያቄ፦ ዙሪያውን ለ2 ባካፍለውስ?

መልስ፦ ለ3.14! ከላይ ተጽፏል፣ እባካችሁ አንብቡ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ጋሼ፣ ነጋዴውን ጠየቅኩት። «ለ4 ነው ያካፈልኩት፣ የድሮ ልማድ ነው» አለኝ።

መልስ፦ ጠርጥሬ ነበር! እንግሊዝ አገርም የግንድ ነጋዴ ድሮ እንዲህ ያሰላ ነበር። የዙሪያው ሩብ ግንዱን እንደ አራት ማዕዘን አድርጎ ነው የሚቆጥረው። 23 ተኩልን በራሱ ብታባዛው የአራት ማዕዘኑ ስፋት 552 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይመጣል። የክቡ ስፋት ግን 703 ነው። እንጨቱ በይዘት የሚሸጥ ከሆነ ከ5 እጅ 1 እጅ በላይ ቀረብህ ማለት ነው። ተጣላው አላልኩም። ሜትሩን አብራችሁ ያዙ፣ ለ3.14 አካፍሉ፣ ከዚያ በኋላ ዋጋ ተነጋገሩ።