በ«መጣ» እና በ«መታ» መካከል

ልጆቼ፣ በሥራ ዘመኔ የሠራሁትን አንድ ስህተት ልንገራችሁ። ገና ጀማሪ የጤና መኮንን ነበርኩ። አንዲት እናት ከመንዝ በቃሬዛ መጡ። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ ብሏል። ንግግራቸውም ጠፍቷል። መረመርኳቸውና እዚያው አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ልጃቸውን «አሁን ምንም አያውቁም፤ የምንለው አይገባቸውም» አልኩት። ዞር ብዬ ሳያቸው እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ሁሉንም ሰምተው ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ቤተሰቡ ማታ ጸሎት ሲያደርስ እሳቸውም «አባታችን ሆይ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረው ደገሙ። ጸሎቱ ሲያበቃ ግን የልጃቸውን ስም መጥራት አልቻሉም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቋንቋ የሚኖረው የት ነው? ይህ ጥያቄ እስከ ጡረታ ተከትሎኛል።

ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የሚባል ሐኪም በ1861 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ሰው ገጥሞት ነበር። ታካሚው የሚነገረውን ይረዳል። ከአፉ የሚወጣው ግን «ታን» የሚል ድምፅ ነው። ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መረመረ፤ ጉዳቱ በግራ በኩል፣ ወደ ግንባር አካባቢ ነበር። ግራው አንጎል ቀኙን አካል ስለሚያዝ ነው የኔ ታካሚም ቀኝ ጎናቸው የዛለው። እንዲህ ባለው ጉዳት ስንደጋግመው የኖርነው ጸሎት፣ መዝሙርና ቁጥር ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የሚከብደው አዲስ ዓረፍተ ነገር መገንባቱ ነው።

አንጎላችን ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉ። እንዴት እንደሚጠራሩ ለማወቅ የኛን አገር ጋራ አስቡ። ልጅ ሳለሁ ከብት ሲጠፋ ወይም ሰው ሲሞት አንዱ ከጋራው ላይ ይጮሃል። በሚቀጥለው ጋራ ያለው ይሰማና እሱም በራሱ ሙሉ ድምፅ ይጮሃል። ስለዚህ መልእክቱ አሥር ጋራ ቢያቋርጥም አይደክምም። ነርቭም እንዲሁ ነው። ሴሉ በዕረፍት ላይ ሲሆን ውስጡ ከውጭው በ70 ሚሊቮልት ገደማ ኔጌቲቭ ነው። ሶዲየም፣ ማለትም ከምግብ ጨው አንዱ ክፍል፣ ከውጭ በዝቶ ይቆያል። በቂ ቅስቀሳ ሲመጣ በሴሉ ሽፋን ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ይከፈቱና ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ወዲያው ፖታሲየም የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይወጣና ነገሩ ይረጋጋል። ሁሉም በሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። የአንዱ ቦታ መከፈት የጎረቤቱን በር ያስከፍታል። ግማሽ ጩኸት የለም፤ ወይ ሙሉ ነው ወይ ምንም። ፈጣኖቹ ነርቮች በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ያደርሱታል። ሆጅኪንና ሃክስሊ የሚባሉ ሳይንቲስቶች ስኩዊድ በሚባል የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ላይ ሠርተው ይህን በ1952 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አስቀምጠውታል።

ከነርቩ ጫፍ ላይ ገደል አለ። ሴሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አይነካኩም። ክፍተቱን የሚሻገረው ኬሚካል ነው። ተቀባዩ ሴል ከብዙ አቅጣጫ የመጣውን ይደምርና ይጩህ ወይስ ዝም ይበል ይለያል። አንዳንዱ መልእክት «ጩህ»፣ አንዳንዱ «ተው» የሚል ነው።

እስቲ «መጣ» በሉ። ቀጥላችሁ «መታ» በሉ። «ጣ» ስትሉ ጉሮሯችሁን ዘግታችሁ፣ ወደ ላይ ገፍታችሁ፣ አየሩን በድንገት ትለቃላችሁ። «ታ» ላይ ይህ የለም። ምላስና ጉሮሮ ለቅጽበት ካልተጣጣሙ ትርጉሙ ሌላ ይሆናል። በቀን ስንት ሺህ ጊዜ እንደምናደርገው አስቡት!

ታዲያ ጦጣ ለምን አይናገርም? ድሮ ጉሮሮው አይመችም ይባል ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ግን ተመራማሪዎች ማካክ የሚባለውን ጦጣ በኤክስሬይ ቀርጸው፣ አፉና ጉሮሮው ለንግግር የሚበቁ ድምፆችን ሊያወጣ እንደሚችል አሳዩ። የጎደለው አዛዡ ነው። በሰው ዘንድ ድምፅን ወደሚያዙት ሴሎች ከላይኛው አንጎል በቀጥታ የሚወርድ ጠንካራ መስመር አለ። በጦጣ ዘንድ ይህ መስመር ደካማ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር አይምሰላችሁ። እዚሁ መንዝ፣ ጓሳ በሚባለው ደጋ ላይ፣ ጭላዳ የሚባለው ሣር በል ዝንጀሮ አለላችሁ። ወንዱ ጭላዳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያወጣው ድምፅ ምቱ ለሰው ንግግር ምት ቅርብ መሆኑን በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። ጭላዶች ሣር እየነጩ ሲጠራሩ የሰማ ሰው ይህ አያስገርመውም። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲታይ ደግሞ ቆላው ወደ አፋር ይወርዳል። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቹ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናትን፣ የሰው ጥንታዊ ዘመድ የሆነችውን የሕፃን ሰላምን አፅም ያገኙት እዚያው አፋር፣ ዲኪካ ነው። ከምላሷ ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት ሳትቀር ተገኝታለች፤ ቅርጿ ከሰው ይልቅ የቺምፓንዚና የጎሪላን ትመስላለች።

ቃል ራሱ ግን አጥንት የለውም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። አንዳንዱ ቋንቋ በእጅ ምልክት ጀመረ ይላል፤ ሌላው በድምፅ። እኔ ሁለቱ አብረው አደጉ ባይ ነኝ፤ እጁን ሳያንቀሳቅስ የሚያወራ ሰው የታለ? እንዲህ ያለ ጥናት ከእምነታችን ጋር ይጋጭ ይሆን ብላችሁ የምትፈሩም አላችሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዛሬም እጸልያለሁ፤ አጥንት ከመመርመርም ወደኋላ አልልም።

ጓሳ ከሄዳችሁ ጎሕ ሲቀድ ውጡ። ጭላዶቹ ከሚያድሩበት ገደል ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ታገኟቸዋላችሁ። ደብተር ያዙ። ማን ሲጠራ ማን እንደሚመልስ ጻፉ። ቤታችሁ ሕፃን ካለም አውሩት፤ አይሰማም አትበሉ። አንድ ዓመት ሳይሞላው ጆሮው የእናንተን ድምፆች መርጦ መለየት ይጀምራል። ሕክምና የምትማሩ ደግሞ መናገር ያቃተው ታካሚ ፊት እንደኔ አታውሩ።

እኚያ እናት ከወራት በኋላ ለክትትል ተመልሰው መጡ። ልጃቸው ደግፎ አስቀመጣቸው። ቤት ውስጥ አጠገባቸው ሆኖ ሲያወራቸው ነው የከረመው። «ይህ ማን ነው?» አልኳቸው። የስሙን መጀመሪያ ጠርተው ቆሙ። ልጁ ሊሞላላቸው አፉን ሲከፍት በእጄ አስቆምኩት። ሦስታችንም ዝም አልን። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ቀሪውን ጨረሱት።