አዲሱ የተራራ ጫማ ቁልቁለት ላይ ጣት ሲመታ

ሰሞኑን የገዙትን የተራራ ጫማ ልመልሰው ወይ ብለው ጠይቀውኛል፤ ለመመለስ አይቸኩሉ። እንደጻፉት ዳገት ላይ ተመችቶዎት ቁልቁለት ላይ ብቻ የእግር አውራ ጣትዎን የሚመታዎት ከሆነ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቁጥሩ ሳይሆን የአስተሳሰሩ ነው፤ ተረከዝዎ ስላልተያዘ እግርዎ ወደ ፊት ይንሸራተታል።

ቁጥሩን ለማረጋገጥ የውስጥ ሶሉን አውጥተው፣ የሚጓዙበትን ካልሲ እንዳደረጉ ይቁሙበት። ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአንድ የእጅ አውራ ጣት ስፋት ያህል ካልተረፈ ጫማው አንሶዎታል፤ ያን ጊዜ ይመልሱት። ቆዳ በስፋት እንጂ በርዝመት እምብዛም አይለቅም፤ ሻጩ «ሲለበስ ይለቃል» ቢልዎትም። እግር ቀን ሲውል ስለሚያብጥ ማታ ቢለኩት ይሻላል።

ከተረፈ ግን አስተሳሰሩን እንዲህ ያስተካክሉ፦

1. ተረከዝዎን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው ወደ ኋላ ያስጠጉ።
2. እግርዎ ወደ ላይ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁለቱን የማሰሪያ ጫፎች ሁለት ጊዜ አጠማዝዘው አጥብቀው ይሳቡ። ዋናው ይህ ነው።
3. ከዚያ በላይ ያለውን ማሰሪያ ሳያስጨንቁ ይሰሩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሲረጥብ እሳት ዳር አያድርቁት። የጉዞ ጓደኛዬ ጫማ በዚሁ ምክንያት ሶሉ ከጫፍ እስከ ተረከዝ ተላቆ አይቻለሁ፤ ሙጫው ኃይለኛ ሙቀት አይችልም። ጋዜጣ ጠቅጥቀውበት ነፋሻ ጥላ ውስጥ ይተዉት፤ ጋዜጣው ሲርስ ይቀይሩለት።