ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ክፍሉን የሚመራው ማን ነው?

ውድ ወጣት ሐኪሞች፣

ከጥቁር አንበሳ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ፣ እዚህ አሜሪካ ካደጋችሁትም ጭምር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። «የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ ለመሆን ምን ላድርግ?» ትሉኛላችሁ። መንገዱን ታውቁታላችሁ። እዚህ አገር የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ 3 ዓመት ነው። ከዚያ የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ፌሎሺፕ፣ ማለትም ከስፔሻሊቲ በላይ ያለው ሥልጠና፣ ሌላ 3 ዓመት። ፈተናውም ወረቀቱም በዚያው ይከተላል። ይህን ለማወቅ እኔ አላስፈልጋችሁም። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ወንበሩ ላይ ከተቀመጣችሁ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው።

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ ነው። ባጭሩ «ቪኤ» እንለዋለን። እዚያ ክፍል ስመራ የተረዳሁት ዋና ነገር ይህ ነው፤ የኃላፊ ሥራ የሚታየው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ኃላፊው ቤቱ ተኝቷል። ሲኒየሮቹ የሉም። ያሉት ነርሶቹ፣ ቬንቲሌተሩን (የመተንፈሻ መሣሪያውን) የሚከታተለው ባለሙያና አንድ የደከመው ተረኛ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲውን በመማር ላይ ያለ ሐኪም) ናቸው። በዚያ ሰዓት የገባ ታካሚ፣ ረፋድ ላይ ሁሉም ሰው ባለበት የገባው የሚያገኘውን ሕክምና ካላገኘ፣ ኃላፊው ሥራውን ገና አልሠራም ማለት ነው።

መጀመሪያ ስለ ታካሚዎቹ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የምትመሩት ክፍል ማንን እንደሚያክም ሳታውቁ መምራት አይቻልም። ቪኤ ወደ 170 የሚጠጉ ሆስፒታሎች አሉት። የተመዘገቡት የቀድሞ ወታደሮች 9 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)፣ ሆስፒታሎቹ ከሕክምና ትምህርት ቤቶች ጋር መሥራት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው የአሜሪካ ሐኪም ከትምህርቱ የተወሰነውን የሚማረው እነዚህ ወታደሮች አልጋ አጠገብ ቆሞ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ሳንባ የሄዱበትን ሁሉ ይዞ ይመጣል። በባሕር ኃይል መርከብ የሞተር ክፍል ውስጥ የሠራው ሰው አስቤስቶስ ተንፍሷል። ከዚያ የሚመጣው ሜሶቴሊዮማ የሚባል ካንሰር ብቅ የሚለው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ሌላው ሲጋራ የለመደው ሠራዊት ውስጥ ነው፤ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከምግብ ራሽኑ ጋር ሲጋራ ይታደለው ነበር። ኢራቅና አፍጋኒስታን የዘመቱት ደግሞ ጦር ሰፈሩ ዳር ቆሻሻ የሚቃጠልበት ትልቅ ጉድጓድ አጠገብ ወራት ኖረዋል። ፕላስቲኩ፣ ባትሪው፣ ነዳጁ፣ ሁሉም እዚያ ይነዳል። አንዳንዶቹ ከዘመቻ በፊት ብዙ ኪሎ ሜትር ይሮጡ የነበሩ ልጆች ናቸው። ሲመለሱ ደረጃ መውጣት ያቅታቸዋል። ራጃቸው ንጹሕ ይሆናል። የትንፋሽ ምርመራቸው ደህና ሊመስል ይችላል። ከአንዳንዶቹ ግን የሳንባ ናሙና ተወስዶ ሲታይ ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ጠብበው ተገኝተዋል።

በነሐሴ 2022 «ፓክት አክት» የተባለው ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ በሕጉ በተዘረዘሩት ቦታዎች ያገለገለ ወታደር በዝርዝሩ ያለ የሳንባ ሕመም ከያዘው፣ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ ነው ተብሎ ይወሰድለታል። ራሱ ማስረጃ እየፈለገ መንከራተት አይጠበቅበትም። ስለዚህ «የት አገለገሉ? ሥራዎ ምን ነበር? ምን ይተነፍሱ ነበር?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ከደም ምርመራ አያንሱም። በሌሊት የገባን ታካሚ ታሪክ የሚጽፈው ተረኛው ልጅ ነው። እሱ «አጫሽ ነው» ብሎ ብቻ ከዘጋው፣ ያ አንድ መስመር ከታካሚው ፋይል ጋር ለዓመታት ይሄዳል። ጡረታው ላይ፣ ሲሞትም ባለቤቱ በምታገኘው ገንዘብ ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። እኔ ከሬዚደንቶቼ አጥብቄ የምጠይቀው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በኮሪያ የዘመቱት አሁን ከ90 ዓመት በላይ ናቸው። የእኛ ቃኘው ሻለቃ ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ ውስጥ የተዋጋው ከአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ ዓይናቸው የሚበራ ሽማግሌዎች አጋጥመውኛል። ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ እያለ ስለ ቃኘው ልጆች ያወሩኛል። አዲስ አበባ ያላችሁትም አስቡት። በተራችሁ ክፍል ከተኙት አባቶች መካከል ስንቱ ዘማች ነበር? አባባ፣ የት ዘመቱ? ብላችሁ ጠይቁ። ሳንባውንም ሰውየውንም ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ቬንቲሌተሩ ልምጣ። ስለ አመራር ከዚህ የበለጠ ያስተማረኝ ነገር የለም።

በ2000 አንድ ትልቅ ጥናት ታተመ። ሳንባቸው በከባድ ሁኔታ ተቆጥቶ በመሣሪያ የሚተነፍሱ ሕሙማን ለሁለት ተከፈሉ። ለአንዱ ቡድን በእያንዳንዱ ትንፋሽ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር አየር ተሰጠ፤ ለሌላው 6። ብዙ አየር ከተሰጣቸው 40 በመቶ ያህሉ ሞቱ። ትንሽ ከተሰጣቸው 31 በመቶ። አዲስ መድኃኒት የለም፣ ውድ መሣሪያ የለም። አንድ ቁጥር ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ የጽኑ ሕሙማን ሐኪም ዛሬ የለም። ሆኖም በ2016 በ50 አገሮች የተደረገ ሌላ ጥናት ሲወጣ፣ በኪሎ 8 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በታች የሚሰጣቸው ከታካሚዎቹ ሁለት ሦስተኛ እንኳ አልሞሉም።

ለምን? ሰው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ኪሎው የሚሰላው በቁመት ነው እንጂ ሚዛን ላይ በሚታየው ክብደት አይደለም። 110 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ አስቡ። ለሳንባው የሚታሰበው ክብደት 66 ኪሎ ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚያስፈልገው 400 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በሚዛኑ ካሰላችሁት 660 ትሰጡታላችሁ። የሰባ ሰው ሳንባው አብሮ አይሰፋም። ታካሚው ደግሞ በሌሊት የገባው ራሱን ስቶ ነው፤ ቁመቱን የሚናገር የለም። ተረኛው በዓይኑ ይገምታል። ግምቱ ደግሞ እስከ ጠዋት፣ አንዳንዴም እስከ ነገ ማታ ይቆያል።

ለዚህ ንግግር አይጠቅምም። ስላይድ አዘጋጅቶ ማስተማርም ብቻውን አይበቃም፤ የተማረው ሬዚደንት በወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል። የሚሠራው ነገር በጣም ቀላል ነው። በየቬንቲሌተሩ ላይ ሜትር ይንጠልጠል። ከሜትሩ አጠገብ ቁመቱንና ሚሊ ሊትሩን ያዛመደ ሰንጠረዥ ይለጠፍ። ዋናው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ የመተንፈሻ ባለሙያው ሐኪም ሳይጠብቅ ቁጥሩን ራሱ እንዲያስተካክል ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጠው። አንዳንድ ሐኪሞች ይህን አይወዱትም። ትእዛዝ የእኛ ነው ይላሉ። ኃላፊ የምትሆኑት ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው። ቁጭ ብላችሁ ታስረዳላችሁ፣ ቁጥሩን ታሳያላችሁ፣ ከውሳኔው ግን ንቅንቅ አትሉም።

ከታች ያለ ሰው የሚያየውን ከላይ ያለው አያይም። ካንሳስ ውስጥ ቶፒካ በሚባል ከተማ፣ በቪኤ ሆስፒታል ውስጥ ሱ ኪኒክ የምትባል ነርስ ነበረች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተከራየችውን መኪና ስትመልስ ሠራተኛው መኪናውን በባርኮድ ሲመዘግብ አየች። መኪና እንዲህ ከተመዘገበ መድኃኒትና ታካሚ ለምን አይመዘገብም አለች። ከዚያ ሐሳብ የተነሣው ሥርዓት በመላው ቪኤ ተዘረጋ። ዛሬ ነርሷ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት የታካሚውን የእጅ አምባርና መድኃኒቱን ስካን ታደርጋለች። ሐሳቡን ያመጣችው አልጋ አጠገብ የምትሠራ ነርስ ናት። ሰምተው ለሥራ ያበቁት ግን አለቆች ናቸው። የእናንተ ድርሻ ይህ ሁለተኛው ነው።

እኛ በይሉኝታ ያደግን ሰዎች ነን። ሲኒየር ሲናገር ዝም ይባላል። ነርሷ ሐኪሙ ጓንቱን እንዳቆሸሸ ብታይ እንኳ «ምን አገባኝ» ብላ ታልፋለች። ጨዋነታችን ጥሩ ነው፤ ወላጆቻችን ያወረሱን ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ግን ሰው ይገድላል። ሚሺጋን ግዛት ውስጥ በትልቁ የደም ሥር ትቦ ሲገባ መደረግ ያለባቸውን አምስት ነገሮች በዝርዝር አስቀምጠው፣ አንዱ ከተዘለለ ነርሷ ሐኪሙን እንድታስቆመው ፈቀዱላት። በ2006 ውጤቱ ሲታተም ኢንፌክሽኑ በእጅጉ ቀንሶ ነበር። እጅ መታጠብን ሁሉም ሰው ከዚያ በፊትም ያውቅ ነበር። አዲሱ ነገር «ዶክተር፣ ያቁሙ» የሚል ሰው መኖሩ ነው።

ይህ ደግሞ በማስታወቂያ አይመጣም። የሚመጣው በስልክ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሲስተር ደውላ ትቀሰቅሳችኋለች። የነገረቻችሁ ነገር ሲጣራ ምንም ሆኖ አይገኝም። ያን ጊዜ ከአፋችሁ የምትወጣው የመጀመሪያ ቃል ክፍሉን ትሠራዋለች ወይም ታፈርሰዋለች። «ለዚህ ነው የቀሰቀስሽኝ?» ካላችሁ ሌሎቹ ነርሶች ሁሉ በማግስቱ ይሰማሉ። ከዚያ ወዲያ በእውነት የሚያሰጋ ነገር ሲመጣ ጠዋት እስኪሆን ይጠበቃል። «ስለደወልሽ አመሰግናለሁ፤ ነገም እንዲሁ ካየሽ ደውዪ» በሉ። ደክሟችሁም ቢሆን በሉት።

ስለ ሞትም አንድ ነገር ልበል። ቪኤ ውስጥ ብዙዎቹ ታካሚዎቻችን ሽማግሌዎች ናቸው። መሣሪያ ይቀጥል አይቀጥል የሚለውን ንግግር ለሌሊት ተረኛ አትተዉለት። ታካሚውን በሚያውቀው ሰው፣ በቀን፣ ቤተሰብ ተቀምጦ ይደረግ። በብዙ የቪኤ ሆስፒታሎች አንድ ወታደር ሲያርፍ አስከሬኑ ባንዲራ ለብሶ ይወጣል፤ ሠራተኛውም ኮሪደሩ ላይ ግራና ቀኝ ቆሞ ይሸኘዋል። ስብሰባ ላይ ብትሆኑም ወጥታችሁ ቁሙ። ወጣቶቹ ያዩዋችኋል፤ የሟቹም ልጆች ያዩዋችኋል።

በጀት፣ ቅጥርና ሪፖርት ጊዜያችሁን ይበላሉ። አሰልቺ ናቸው፤ ግን አትናቋቸው። አንዲት ነርስ በሌሊት ሁለት ታካሚ ትይዛለች ወይስ አራት የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው። ቪኤ ውስጥ ለትንንሽ ሆስፒታሎች ከሚኒያፖሊስና ከሲንሲናቲ በካሜራ የሚከታተሉ ስፔሻሊስቶች አሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ እደግፈዋለሁ። ነርሷ ቁልፉን ተጭና ለመጥራት የምትፈራበት ክፍል ውስጥ ግን ካሜራው ብዙም አይረዳም።

አዲስ አበባ ላላችሁት ደግሞ፤ በ2013 በጥቁር አንበሳ የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሥልጠና ሲጀመር ያየሁትን ደስታ አልረሳውም። ከዚያ በፊት ይህን ለመማር ከአገር መውጣት ግድ ነበር። ዛሬ እዚያው የተማሩት ሌሎችን ያስተምራሉ። የናንተ ታካሚ ሳንባው የተጎዳው በቲቢ ጠባሳና በማገዶ ጭስ ሊሆን ይችላል። ቬንቲሌተሩም ጥቂት ነው። ስለ ሌሊቱ የነገርኳችሁ ግን እናንተ ዘንድ ይበልጥ ይሠራል። የኦክስጅን ሲሊንደሩን በሌሊት ማን ያየዋል? ሲያልቅ ማን ይቀይረዋል? የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ ነው? ያ ሰው ቤቱ ከሄደ ኦክስጅን አለን ማለት አይቻልም።

ኃላፊ ስትሆኑ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሌሊት ሂዱ። ለቁጥጥር እንዳልመጣችሁ ተናገሩ። ከነርሶቹ ጋር ሻይ ጠጡና «ዛሬ ማታ ፈልጋችሁ ያጣችሁት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ «ምንም» ይሏችኋል። ትንሽ ቆዩ፤ ይነግሯችኋል። ጻፉት። ከዝርዝሩ በጣም ቀላሉን መርጣችሁ እስከ ዓርብ አስተካክሉት፤ የመጋዘኑን ትርፍ ቁልፍም ቢሆን።