ሲያፈስ የእኛ፣ ሲያምር የመንግሥት?

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፦

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከአያቶቻችን በወረስነው የድንጋይ ቤት ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ቱሪስት መጥቶ ቀዩን መደብና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት ፎቶ ሲያነሳ እናቴ ደስ ይላታል። እኔ ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ምንጣፍ ጠቅልዬ ሳፋ እደረድራለሁ። ቶሮንቶ ያለው ወንድሜ ብር ልኮ «ጣሪያውንም ግድግዳውንም በሲሚንቶ ልሰኑት፤ ከላይም በብሎኬት አንድ ክፍል አውጡልኝ» ይላል። ፈቃድ ልጠይቅ ብሄድ «ቅርስ ነው፣ አይነካም» ተባልኩ። ጎረቤት ደግሞ «ማታ ማታ አሠሩት» ይለናል። ሲያፈስ የእኛ፣ ሲያምር የመንግሥት የሚሆን ቤት ምን ይደረጋል?

ግራ የገባት፣ ከጀጎል

መልስ

እህቴ፣ ብሶትሽ እውነት ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ግንቡና መስጊዶቹ ብቻ አልተመዘገቡም፤ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶችም አሉበት። እናንተ ለቃችሁ ብትወጡ ለቱሪስቱ የሚቀረው ባዶ ግድግዳ ነው።

«አይነካም» ያለሽ ሰው ግን ተሳስቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ጥገናን አይከለክልም፤ አስቀድሞ ፈቃድ ይውጣ ነው የሚለው። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችልም ይገልጻል። ስለዚህ የሚያፈሰውን ቦታ ፎቶ አንሺና በማመልከቻ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይስጡሽ። የጎረቤትሽን ምክር ተዪው፤ ሌሊት የተለሰነ ግድግዳ ቀን መታየቱ አይቀርም።

ወንድምሽ ቅን ነው፤ ሲሚንቶው ግን ቤቱን ይገድለዋል። ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ መልሶ ያስወጣል። ሲሚንቶ ስትለብሱት በስንጥቅ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ጭቃው ይላላል፣ ጣሪያውን የተሸከመውም እንጨት ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ልስኑ አዲስ ይመስላል። በዚያ ላይ የብሎኬት ክፍል ሲጫንበት አስቢው!

ብሩን ግን እንዳትመልሺ። ጭቃና ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ፈልጉበት፤ ፈቃዱ እንደወጣ ዝናቡ ሳይቀድማችሁ ከጣሪያው ጀምሩ። የጭቃ ጣሪያ አንዴ ተሠርቶ የሚረሳ አይደለምና ከብሩ ለከርሞም ይቀመጥ። ወንድምሽ ክፍል የፈለገው ለዕረፍት ሲመጣ ሊያርፍበት ከሆነ፣ ጀጎል ውስጥ ቤታቸውን የእንግዳ ማረፊያ ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ። እነሱ ዘንድ ይደር፤ ምሳውን እናቱ ጋ ይብላ።